ፊልሙ ያላሳየን ሐበሻ፦ ሐጂ በሺር አጋ

ስለ ኢትዮጵያ ሙስሊሞች ታሪክ ሲነሣ ሁለት ስሞች ይቀድማሉ። አንደኛው ስደተኞቹን ሰሓቦች ተቀብሎ ያስጠለለው ንጉሥ ነጃሺ ነው። ሁለተኛው የኢስላም የመጀመሪያው ሙአዚን ቢላል (ረ.ዐ.) ነው። በየዒዱና በየመውሊዱ ይወሳሉ፤ መወሳታቸውም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ከእነሱ ወዲህ ያለውን ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የሆነ ዘመን፣ ሐበሻ በዓለመ ኢስላም ውስጥ ምንም እንዳልሠራበት አድርገን መዝለላችን ዋጋ እያስከፈለን ነው። ባዶ የተተወ ቦታ ባዶውን አይቆይም፤ ሌላ ነገር ይሞላዋል። ዛሬ እየሞላው ያለው ፊልም ነው።

እኔ የምኖረው በጎጃም፣ ከባሕር ዳር ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በአዴት ከተማ ነው። አዴት በገበያዋና በግብርና ምርምር ማዕከሏ ትታወቃለች። የሙስሊሙ ቁጥር ብዙ አይደለም፤ ኑሮውም በአብዛኛው ንግድ ነው። ወጣቶቻችን ሱቅ ዘግተው ማታ ሲሰባሰቡ ጨዋታቸው ስለ ኦቶማን ቱርኮች የተሠሩ ተከታታይ ፊልሞች ሆኗል። አንዱ ከባሕር ዳር በፍላሽ ያመጣል፤ ሌላው ከስልክ ወደ ስልክ ያስተላልፋል። ከ2014 እስከ 2019 የታየውን «ድሪሊሽ ኤርቱግሩል»ን ክፍል በክፍል የሚተርክ ልጅ ሞልቷል። ስለ ሱልጣን ሱለይማን የተሠራው «ሙህተሼም ዩዝዪል» ከ2011 እስከ 2014፣ ስለ ሱልጣን አብዱልሐሚድ የተሠራው «ፓይታህት» ከ2017 እስከ 2021 ታይተዋል። የቁስጥንጥንያን መያዝ የሚያሳየው «ፈቲህ 1453»ም በ2012 ወጥቷል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፊልሞቹን ማየት ነውር ነው ልል አልተነሣሁም። በገዛ አገሩ ታሪክ ውስጥ እንደ እንግዳ ሲቆጠር የኖረ ወጣት፣ ሙስሊም ንጉሥ፣ ሙስሊም ዳኛ፣ ሙስሊም ሐኪም፣ ሙስሊም መሐንዲስ በክብር ቆመው ሲያይ ቀና ማለቱ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን የፊልም ሠሪ ሥራ ተመልካችን መያዝ ነው። ቱርኮቹ ራሳቸው እንኳ አልተስማሙበትም። በ2012 በወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ረጀብ ጣይብ ኤርዶጋን፣ የሱለይማን ፊልም ሱልጣኑን ከጦር ሜዳ ይልቅ በእልፍኝ ውስጥ አሳይቷል በማለት በአደባባይ ነቅፈውታል።

የእኔ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። በዚያ ሁሉ ቤተ መንግሥት ውስጥ ሐበሻው የት አለ?

በሱለይማን ፊልም ውስጥ የሴቶቹን እልፍኝ የሚያስተዳድር፣ ተመልካችን የሚያስቅ ሱንቡል አጋ የተባለ ጃንደረባ አለ። ሰሊም ባይራክታር የተባለ የቱርክ ተዋናይ ነው የተጫወተው። ለፍርድ ያህል፣ በሱለይማን ዘመን የቤተ መንግሥቱ ጃንደረቦች አለቆች ነጮች እንደነበሩ ልመሰክር ይገባል። ይሁን እንጂ በታሪክ የሚታወቀው ሱንቡል አጋ የኖረው ከሱለይማን መቶ ዓመት ያህል በኋላ ነው፤ ሰውየውም አፍሪቃዊ ነበር። በ1644 ወደ ግብፅ ሲጓዝ የማልታ ባላባቶች መርከቡን አጥቅተው ገደሉት። የእሱም ሞት ከ1645 እስከ 1669 ለተካሄደው የክሬት ጦርነት መነሻ ሆነ። የአዴት ልጆች የፊልሙን ሱንቡል ቀልድ በቃላቸው ያውቁታል። ለእውነተኛው ሱንቡል ሲባል ሃያ አራት ዓመት ጦርነት መካሄዱን የሚያውቅ ግን አላገኘሁም።

ጃንደረቦቹ ብዙ ናቸው። የመጀመሪያው ታዋቂ ሰው በ1574 የተሾመው ሐበሺ መህመድ አጋ ነው፤ ሐበሻነቱ ከስሙ ጋር ተጣብቆ ቀርቷል። በ1585 ያሠራው መስጊድ እስከ ዛሬ በኢስታንቡል ቆሞ ይሰገድበታል። ከሁሉም በላይ የገነነው ግን ሐጂ በሺር አጋ ነው። ዛሬ የምተርክላችሁ የእሱን ሕይወት ነው።

ስሙ ያልተጻፈ ልጅ

በሺር የተወለደው በ1655 አካባቢ ነው። በጎንደር ዐፄ ፋሲል የነገሠበት ጊዜ መሆኑ ነው። ታሪክ ጸሐፊዎች ሐበሻ መሆኑን ይናገራሉ። የአባቱ ስም፣ የእናቱ ስም፣ የመንደሩ ስም ግን በመዝገብ አልሰፈረም። በሺር የሚለው መጠሪያም እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። በሺር ማለት ብሥራት ነጋሪ ማለት ነው። ለእልፍኝ የሚገዙ ልጆችን ጆሮ ደስ በሚያሰኝ ስም መጥራት የቤተ መንግሥቱ ልማድ ነበር። አንዱን በአበባ ስም ሱንቡል፣ ሌላውን በሽቶ ስም አንበር፣ ሌላውን በዕንቍ ስም ጀውሀር ይሉታል። ስሙ ያማረው ልጁ ለሚገዛው ሰው ሲባል እንጂ ለልጁ ተብሎ አልነበረም።

በዚያ ዘመን ከዓባይ ማዶ፣ ከእናርያና ከዙሪያው አገር በጦርነትና በዘረፋ የተያዙ ሕፃናት በጎጃም በኩል ወደ ጎንደር ይነዳሉ። ከዚያም አንድም በስተ ምሥራቅ ወደ ምጽዋ፣ አንድም በስተ ምዕራብ ወደ ስናር ይወርዳሉ። ምጽዋ ከ1557 ጀምሮ በኦቶማኖች እጅ ነበረች። ኦዝደሚር ፓሻ በ1555 በሹመት የተሰጠው የሐበሻ ግዛት የሚባለው ጠረፍ ዋና በር እሷ ነበረች። በሺርም በልጅነቱ እንዲህ ካሉት መንገዶች በአንዱ ተነድቶ ግብፅ ገባ።

እዚህ ላይ ሸፋፍኖ ማለፍ አይቻልም። እኛ የጎጃም ሙስሊሞች አባቶቻችን ርስት ተነፍገው በንግድና በሽመና መኖራቸውን ዘወትር እናወሳለን። እውነት ነው፤ በደልም ነው። ነገር ግን የሲራራው ንግድ አሞሌ ጨው፣ ቡና፣ ዝባድና ወርቅ ብቻ አልነበረም፤ የሰው ልጅም ተጭኖበታል። ክርስቲያኑ መኳንንት ዘምቶ ይማርካል፤ ሙስሊሙ ነጋዴ ገዝቶ ይሸጣል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንኳ በጎጃም፣ በዓባይ አፋፍ በባሶ ገበያ ሰው ከከብት ጋር ይሸጥ እንደነበር የአገር ጎብኚዎች ጽፈዋል። ከአዴት ባሶ ሩቅ አይደለም። በደላችንን ስንቆጥር የሠራነውንም በደል አብረን መቁጠር ከቻልን ነው ታሪክ የምናውቀው።

በሺርን ያገኘው መከራ በመሸጥ ብቻ አላበቃም። ሰለቡት። ሰውን መስለብ በሸሪዓችን ሐራም መሆኑን የማያውቅ ዓሊም አልነበረም። ስለዚህም ሥራው የሚሠራው በአብዛኛው በላይኛው ግብፅ፣ ሙስሊም ባልሆኑ ሰዎች እጅ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ደግሞ ሌላው የሠራውን ይገዛል። እጅን አርቆ ፍሬውን መብላት ግን ከኃጢአቱ ነጻ አያወጣም። ከዚያ ቢላ ስር ሳይነሡ የቀሩ ሕፃናት ብዙ ናቸው። የተረፉት ደግሞ ዋጋቸው ናረ፤ ምክንያቱም ነገሥታት የሚፈልጓቸው ዘር የሌላቸውን፣ ወገን የሌላቸውን፣ ከጌታቸው በስተቀር መጠጊያ የሌላቸውን አገልጋዮች ነበር። የእኛም ነገሥታት ጃንደረባ ያውቃሉ፤ እልፍኝ አስከልካይም የግቢያችን ማዕረግ ነበር። ነገሩ የቱርክ ብቻ አይደለም።

ከእልፍኝ ወደ መዲና

በሺር ኢስታንቡል ገብቶ በቶፕካፒ ቤተ መንግሥት አደገ። ሐረም የሚባለው የሱልጣኑ እናት፣ ሚስቶች፣ ልጆችና ሴት አገልጋዮች የሚኖሩበት የውስጥ እልፍኝ ነው። ፊልሞቹ የቅናትና የሽንገላ ቤት ያደርጉታል። ሽንገላው አልጠፋም፤ ነገር ግን ቤቱ ትምህርት ቤትም ነበር። ከሐበሻ የመጡት ልጆች ቁርኣን ይቀራሉ፣ ቱርክኛና ዐረብኛ ይማራሉ፣ የግቢውን ሥርዓት ያጠናሉ። ከመካከላቸው አስተዋዩ ከደጅ ጥበቃ ወደ ግምጃ ቤት ይወጣል። በሺርም ያፕራክስዝ አሊ አጋ በተባለው አለቃ ስር ሠልጥኖ፣ በሱልጣን አሕመድ ሦስተኛ ዘመን በ1707 የሐረሙ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆነ። ሲሾም ዕድሜው ከሃምሳ አልፏል። ልጅ ሆኖ የተሸጠ ሰው ለሹመት የበቃው በሽበቱ ነው።

ሹመቱ ግን አልጸናም። በ1713 የጃንደረቦቹ አለቃ ኡዙን ሱለይማን አጋ ከሥልጣን ሲወርድ በሺርም አብሮት ተሻረ። መጀመሪያ ወደ ቆጵሮስ፣ ቀጥሎም ወደ ግብፅ ተሰደደ። በዚያ ግቢ የተሻረ ጃንደረባ ግብፅ ሄዶ ቀሪ ዕድሜውን በዝምታ መጨረሱ የተለመደ ነበር። ለበሺር ግን ከስደቱ ውስጥ ከሹመቱ የሚበልጥ ነገር ወጣለት። የመዲናው ሸይኹል ሐረም፣ ማለትም የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጊድ ጠባቂዎች አለቃ ሆኖ ተመደበ።

ይህን ሹመት ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ላብራራ። ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በመዲና የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ቀብር የሚጠብቁ፣ መብራት የሚያበሩ፣ የሚጠርጉ፣ ዕጣን የሚያጤሱና የዚያራውን ሥርዓት የሚያስከብሩ ጃንደረቦች ነበሩ። አግዋት ይባላሉ። ብዙዎቹ ከአፍሪቃ፣ በተለይም ከሐበሻ የሄዱ ናቸው። ሥርዓቱ እስከ እኛ ዘመን ዘልቆ፣ በ21ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ጥቂት አረጋውያን ብቻ ቀርተው ነበር። እኛ ቢላልን ስናወሳ፣ የቢላል አገር ሰዎች በቢላል መስጊድ ስምንት መቶ ዓመት ያህል መብራት ሲያበሩ መኖራቸውን አናወሳም።

በሺር በመዲና የቆየው ጥቂት ዓመት ነው፤ ያ ጊዜ ግን ቀሪ ሕይወቱን እንደወሰነው ከሠራው ሥራ መረዳት ይቻላል። ወላጅ፣ አገርና ዘር የተነጠቀው ሰው የሚያገለግለው ቤት ያገኘው እዚያ ነው። ሐጂ የሚለውም ቅጥያ ከስሙ ፊት ቆሞ ቀረ።

ሃያ ዘጠኝ ዓመት

በ1717 ሱልጣኑ ከመዲና አስጠርቶ የጃንደረቦቹ ሁሉ አለቃ አድርጎ ሾመው። ማዕረጉ በቱርክኛ ዳሩ ሰዓዳ አጋሲ ይባላል፤ የደስታው ቤት አለቃ ማለት ነው። በሕዝብ ዘንድ የሚታወቀው ግን ቅዝላር አጋሲ በሚለው ነው፤ የልጃገረዶቹ አለቃ እንደ ማለት። ክብሩ ከዋናው ቪዚርና ከሸይኹል ኢስላሙ ቀጥሎ የሚቆጠር ነበር። ሐጂ በሺር በዚህ ሹመት እስከ ዕለተ ሞቱ ለሃያ ዘጠኝ ዓመት ቆየ። ከእሱ በፊትም ሆነ በኋላ እንዲህ የቆየ የለም።

ማዕረጉ ሲሰማ የሴቶች በር ጠባቂ ይመስላል። ዋናው ኃይሉ ግን ከወቅፍ ነው የሚመነጨው። ከ1580ዎቹ ጀምሮ ለመካና ለመዲና የተሰጠው የወቅፍ ሀብት አስተዳደር ለዚህ ሹመት ተሰጥቶ ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ሱልጣኖች፣ እናቶቻቸውና ባለጸጎች መሬት፣ ሱቅ፣ መታጠቢያ ቤትና መንደር ለሁለቱ ሐረሞች ወቅፍ ያደርጋሉ። የግብፅ መንደሮች ስንዴ ይገብራሉ፤ ስንዴው ከስዊስ በመርከብ ተጭኖ በቀይ ባሕር ወደ ጅዳና ወደ ያንቡ ይወርዳል፤ ከዚያም ለመካና ለመዲና ድኾችና ዓሊሞች ይከፋፈላል። የግሪክ አገሯ የአቴንስ ግብር እንኳ ለዚህ ሹመት የተመደበ ነበር። በየዓመቱ ከኢስታንቡል ሱርሬ የሚባለው የወርቅና የስጦታ ጉዞ ሲነሣ የሚሸኘው የጃንደረቦቹ አለቃ ነው። እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል፤ ከሐበሻ ተሽጦ የሄደ ልጅ፣ ሸምግሎ የመካና የመዲናን እንጀራ የሚቆርስ ሰው ሆነ።

በዚያ ዘመን ኢስታንቡል በአበባ አትክልቷ፣ በግንባታዋና በግብዣዋ የገነነችበት ጊዜ ነበር፤ የቱሊፕ አበባ ዘመን ይሉታል። በ1720 የሱልጣኑ ልጆች ሲገረዙ ለአሥራ አምስት ቀን ድግስ ተደገሰ። ሌቭኒ የተባለው የግቢው ሠዓሊ ድግሱን በሥዕል አስቀርቶታል። በሥዕሎቹም ላይ ጥቁሩ የጃንደረቦች አለቃ ነጭ ጥምጣም አድርጎ ከመሳፍንቱ አጠገብ ይታያል። እዚህ ላይ ቆም ብዬ አስባለሁ። የሦስት መቶ ዓመቱ ሠዓሊ ያየውን መልክ አልደበቀም። ዛሬ ካሜራ ይዞ፣ ብዙ ሠራዊት አሰልፎ የሚሠራው ሰው ግን ያንን መልክ ለማሳየት ጊዜ አላገኘም። በ1729 ደግሞ የኢብራሂም ሙተፈሪቃ ማተሚያ ቤት በኢስታንቡል የመጀመሪያውን መጽሐፍ አወጣ፤ ይህም የሆነው በሺር በግቢው ላይ ባለሥልጣን በነበረበት ዘመን ነው።

ድግሱ በደም አበቃ። በ1730 ፓትሮና ኸሊል የሚባል ሰው የመራው ሕዝብና ወታደር ተነሣ። ለአሥራ ሁለት ዓመት ዋና ቪዚር የነበረው ዳማድ ኢብራሂም ፓሻ ተገደለ፤ ሱልጣን አሕመድ ዙፋኑን ለወንድሙ ልጅ ለማሕሙድ ቀዳማዊ ለቀቀ። ሐጂ በሺር ግን ከነሹመቱ ተረፈ። ከዚያ እስከ ሞቱ ባለው አሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ ከአሥር የማያንሱ ዋና ቪዚሮች ተሹመው ተሽረዋል። ብዙዎቹ ሲሾሙም ሲሻሩም የእሱ እጅ ነበረበት። ሱልጣኑ አዲስ፣ ቪዚሩ አዲስ ሲሆን ነገሩን ሁሉ የሚያውቀው ሽማግሌ እሱ ብቻ ሆኖ ቀረ።

መልአክ አድርጌ ላቀርበው አልፈልግም። ሥልጣን ይወድ ነበር፤ ተቀናቃኝን ያስወግድ ነበር፤ እጅግ ባለጸጋ ነበር። ከሁሉም የሚከብደኝ ደግሞ ሌላ ነው። እሱ በተነዳበት መንገድ የተነዱ፣ እሱ የተቆረጠውን የተቆረጡ ሌሎች የሐበሻ ልጆች በየዓመቱ ወደዚያ ግቢ ይገቡ ነበር፤ የሚቀበላቸውና የሚያሠለጥናቸውም እሱ ነበር። በሩን የመዝጋት ሥልጣን ባይኖረው እንኳ፣ በዚያ በር ቁልፍ ያዥ ሆኖ አርጅቷል። ፊልም ቢሆን ይህንን ወይ ያጠፋዋል፣ ወይ ሰውየውን ጨካኝ አድርጎ ይገላገለዋል። ታሪክ ግን ሁለቱንም አንድ ላይ ይዞ እንድንቀመጥ ያስገድደናል።

ያወረሰው

ልጅ የማይወልድ ሰው ሀብቱን ለማን ያወርሳል? ሕጉ እንደሚለው የጃንደረባው ንብረት ሲሞት ወደ ጌታው ግምጃ ቤት ይመለሳል። ሐጂ በሺር በሕይወቱ ሳለ ወቅፍ ያደረገው ግን አይመለስም። ስለዚህ ወቅፍ አደረገ፤ ወቅፉም ከሁሉ አስቀድሞ መጽሐፍ ነበር።

ገና በተሾመ በዓመቱ፣ በ1718፣ በካይሮ ሰቢል ከነኩታቡ አሠራ። ከታች መንገደኛ ውኃ የሚጠጣበት፣ ከላይ ወላጅ የሌላቸው ሕፃናት ቁርኣን የሚቀሩበት ቤት ነው። እሱ ራሱ ያለ ወላጅ ወደ ግብፅ የገባ ልጅ መሆኑን የሚያስታውስ ሰው፣ የመጀመሪያው ሥራው በግብፅ ለየቲሞች መሆኑን ሲያይ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በመዲና መድረሳና የመጻሕፍት ቤት አቋቋመ። በኢስታንቡል ዳርቻ በኤዩብ የሐዲስ ትምህርት ቤት ከነቤተ መጻሕፍቱ ሠራ። በባግዳድ በኢማም አቡ ሐኒፋ መስጊድ መጻሕፍት ሰጠ፤ በካይሮ ለአል አዝሀር ቱርካውያን ተማሪዎች ኪታብ አበረከተ። ዛሬ ቡልጋሪያ በሆነው አገር፣ በዳኑብ ወንዝ ዳር በስቪሽቶቭም መድረሳ ከነመጻሕፍቱ አቆመ። በመጨረሻም በ1745 በኢስታንቡል በጃዓሎግሉ ሠፈር፣ ከዋናው ቪዚር ጽሕፈት ቤት አጠገብ፣ መስጊድ፣ መድረሳ፣ የመጻሕፍት ቤት፣ የሱፊዎች ዛውያና የውኃ ሰቢል አንድ ላይ አሠራ። መስጊዱ አሁንም አለ። ኪታቦቹ በሱለይማንያ ቤተ መጻሕፍት በስሙ ተቀምጠው ተመራማሪዎች ይገለገሉባቸዋል።

በካርታ ላይ ስናየው ከዳኑብ እስከ ባግዳድ፣ ከኢስታንቡል እስከ መዲና ነው። ስሙ ያልተጻፈ የሐበሻ ልጅ፣ ስሙን በአራት ማዕዘን በመጻሕፍት ሽፋን ላይ ጻፈ።

በ1746 ዘጠና ዓመት ያህል ሆኖት በአልጋው ላይ ሞተ። በዚያ ሹመት በአልጋ መሞት ራሱ ዕድል ነው፤ እሱን የተካው ሌላው በሺር አጋ በ1752 ተገድሏል። ሐጂ በሺር የተቀበረው በኤዩብ፣ ከሰሓባው አቡ አዩብ አል አንሷሪ (ረ.ዐ.) ቀብር አጠገብ ነው። አቡ አዩብ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ መዲና ሲሰደዱ በቤቱ ያስተናገዳቸው ሰው ነው። ከአገሩ በግድ የተሰደደው ሐበሻ፣ ስደተኛን በተቀበለው ሰው ጎረቤት ዐረፈ።

የሰው ልጅ ሲሞት ሥራው ይቋረጣል፤ የማይቋረጡት ሦስት መሆናቸውን ሁላችንም ተምረናል፦ ቀጣይ ሰደቃ፣ ሰው የሚጠቀምበት ዕውቀትና ዱዓ የሚያደርግ ልጅ ናቸው። ከሦስቱ አንዱን ሰዎች በልጅነቱ በቢላ ነጠቁት። በቀሩት በሁለቱ ላይ ዕድሜውን አፈሰሰ። እኔ የሐጂ በሺርን ሕይወት የማየው በዚህ ነው። ክብሩ ቪዚር በመሾም በመሻሩ አይደለም፤ ብዙ ጃንደረቦች ያንን አድርገው ተረስተዋል። ክብሩ የተነጠቀው ነገር ሌላውን ለመንጠቅ ምክንያት ብቻ ሆኖ እንዳይቀር፣ ውኃና ኪታብ አድርጎ ለማያውቃቸው ሰዎች ማስተላለፉ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ቱርኮች የእኛን ሰው አላሳዩንም ብዬ ክስ አላቀርብም። እነሱ የሚተርኩት የራሳቸውን አባቶች ነው፤ ገንዘቡም ካሜራውም የእነሱ ነው። የእኛን ሰው የመተረክ ዕዳ የእኛ ነው። ስለ ሐጂ በሺር በውጭ አገር ምሁራን መጽሐፍ ጽፈዋል። በአማርኛ ግን ስሙን የሰማ ሰው ጥቂት ነው። ነጃሺን ለማስታወስ ድንኳን የምንጥል፣ ቢላልን ለማስታወስ ልጅ የምንሰይም ሰዎች፣ የበሺርን ስም ከፊልም ስንጠብቅ መቀመጣችን ያሳፍራል።

የአዴት፣ የፍኖተ ሰላም፣ የቡሬ ወጣቶችም ሆኑ የአዲስ አበባና የደሴ ወንድሞችና እኅቶች ፊልሙን ሲያዩ አንድ ነገር እንዲያደርጉ እጠይቃለሁ። ሱልጣኑ ሲገባ በሩን የከፈተውን ሰው ይመልከቱ። ከየት መጣ? ማን ሸጠው? ስሙን ማን አወጣለት? ብለው ይጠይቁ። በሩን የከፈተው ሰው በፊልሙ ከሌለ፣ አለመኖሩን ልብ ይበሉ። ከዚያም በየቤታቸው ያሉትን ሽማግሌዎች፣ በየመስጊዱ ያሉትን ሸኾች፣ በየሣጥኑ የተቀመጡትን የእጅ ጽሑፍ ኪታቦች ሳያልቁ ይጠይቁ። አያቶቻችን በየትኛው ገበያ ምን እንደሸጡ፣ ከየት እንደመጡ፣ ማንን እንዳስተማሩ ዛሬ ካልጻፍነው ነገ ሌላ ሰው የሌላ ሰው መልክ አልብሶ ያሳየናል፤ እኛም ደስ ብሎን እናያለን።

ሐጂ በሺር አጋን፣ ከእሱም ጋር ተነድተው በመንገድ የቀሩትን፣ ስማቸው በማንም መዝገብ ያልተጻፈውን ልጆች ሁሉ አላህ ይዘንላቸው። የእነሱ ስም ከእሱ ዘንድ አልጠፋም።